በመሃረብ የተጠቀለለ ድንጋይ

አቶ በላቸው ሞተ። የዕድራችን ጥሩምባ ነፊ ማለዳ መንገዱ ላይ ቆሞ "የሠራተኛው አባት፣ አንጋፋው ታጋይ አቶ በላቸው ከዚህ ዓለም በሞት ስለተለዩ ቀብር ላይ እንድትገኙ" ብሎ ሲለፍፍ እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ቢላዬን አስቀምጬ "የማን አባት?" አልኩ ጮክ ብዬ። ቤት ውስጥ ማንም ስላልነበረ መልስ የሰጠኝ የለም።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ። ግን እኔ በላቸውን በሕይወት እያለም ስወቅሰው ነው የኖርኩት፤ ሞተ ተብሎ ሥራዬን የማቆምበት ምክንያት አይታየኝም። በፊቱ አንቱ እለው ነበር፤ ዕድሜም ሥልጣንም ነበረውና። ከጀርባው ግን ያኔም አንተ ነበር የምለው፣ ዛሬም እንደዚያው እቀጥላለሁ። ደግሞ ልረሳው ብል የሚረሳ ሰው አይደለም። ደግ ሰዎችን ስንቱን ረስቻለሁ፤ እሱን ግን ከረባቱን እንኳን ቀለሙን አልረሳሁትም። ቡና ዓይነት ነበር፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለው።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። እኔና ጓደኛዬ ብርቄ አቃቂ ከሚገኝ አንድ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ገና በልጅነታችን ገባን፤ እኔ ፈተላ ክፍል፣ እሷ ጥጥ የሚበጠርበት ክፍል። "ገባን" ስል ቀላል ይመስላል። ሥራ ፈላጊው ጎህ ሳይቀድ ከባቡር ሐዲዱ ጀምሮ እስከ ፋብሪካው በር ይኮለኮላል። ካፖው ይወጣና በዱላው ጫፍ "አንተ፣ አንቺ፣ አንተ ረጅሙ" እያለ ይመርጣል። ካፖ የምንለው የክፍል አለቃውን ነው፤ ጣልያኖቹ ሲሄዱ ቃሉን ትተውልን ሄዱ፣ ዱላውንም አልወሰዱትም። ዋዜማውን ዶሮ ወይም ቅቤ የላከ ሰው የትም ቢቀመጥ ዱላው ፈልጎ ያገኘዋል። ያልላከ ነገም ይመጣል፣ ከነገ ወዲያም ይመጣል።

ከዚያ አዋጅ ወጣ፣ ሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይችላል ተባለ። እልል አልን። ሊቀመንበር ማን ይሁን ሲባል ሁላችንም ወደ በላቸው ዞርን። በላቸው የጥጥ ሚዛን ክፍል ጸሐፊ ነው፤ ንግግር ያውቃል፣ ድምፁ ወፍራም ነው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከረባት ያለው እሱ ብቻ ነበር። እውነቴን ነው፣ የመረጥነው በከረባቱ ነው። ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ደጃፍ ሄዶ ስለ እኛ የሚናገር ሰው አንገቱ ባዶ ሆኖ እንዴት ይሆናል አልን። አሁን ሳስበው ከረባቱን ለብቻው ብንልከው የተሻለ ይናገርልን ነበር።

የመጀመሪያውን ንግግር ያደረገው የጥጥ እስር ላይ ቆሞ ነው። "ወገኖቼ! ከዛሬ ጀምሮ በፋብሪካው በር ላይ መኮልኮል ቀረ!" አለ። ቃሉን አላጠፈም፤ እውነትም ቀረ። ብዙም ሳይቆይ ሥራ ፈላጊው ሁሉ ከፋብሪካው በር ተነሥቶ ወደ በላቸው በር ሄደ። ቤቱ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነበር፤ ደጃፉ ላይ ትልቅ ሾላ አለ። ሰዉ እሾላው ሥር ኩርምት ብሎ ሊቀመንበሩ ቁርሳቸውን እስኪጨርሱ ይጠብቃል። ዶሮዎቹም አድራሻቸውን ለወጡ። አንድ ቀን ብርቄ "አቶ በላቸው፣ መኮልኮል ቀርቷል አላሉም ነበር?" ብትለው፣ የከረባቱን ቋጠሮ ነካ አድርጎ "ቢያንስ እኔ ደጅ ጥላ አለ" አላት። ቀልድ መስሎን ሳቅን። እሱ ግን አልሳቀም።

ያ የከረባት ቋጠሮ! ከመናገሩ በፊት ሁልጊዜ ይነካዋል፤ የተሰረቀ መስሎት ይሁን እንጃ። ነክቶት ሲያበቃ የሚናገራትም አንዲት ነገር ነበረች፦ "ጥያቄው ትክክል ነው፤ ጊዜው ግን ትክክል አይደለም።" ደመወዝ ይጨመርልን ስንል ጥያቄው ትክክል ነው፣ ጊዜው አይደለም። አቧራው ሳንባችንን ጨረሰው ስንል ጊዜው አይደለም። ለሴቶቹ መጸዳጃ ቤት ይሠራልን ስንል ጊዜው አይደለም። ብርቄ ይቺን ጊዜ አልቻለችም፤ "እሱንስ እኛ ነን የምናውቀው" አለችው። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" የሚለውንም ተረት ይወድ ነበር። የኛ ፋብሪካ እንቁላል ታቅፎ ታቅፎ ገማ እንጂ ሲሄድ ያየው የለም።

አንድ ጊዜ የማኅበራት ሊቀመናብርት ቤተ መንግሥት ገብተው እጅ እንዲነሡ ተጠሩ። በላቸው ያንን ቀን ስንት ወር አወራው መሰላችሁ። "ጃንሆይ ዓይናቸውን ጣል አደረጉብኝ" ይላል።

"ምን አሏቸው ታዲያ?" እንለዋለን።

"ምን እላለሁ? እጅ ነሣሁ።"

"ስለ እኛስ?"

"ወገኖቼ፣ እዚያ ቤት እንደዚህ ያለ ነገር አይወራም።"

እንግዲህ እኛን የማያወሩበት ቤት ገብቶ ስለ እኛ ዝም ብሎ የወጣ ሰው፣ ደስታው ለእኛ እንዲተርፈን ይጠብቅ ነበር።

ብርቄን ላስተዋውቃችሁ፣ ነገሩ የሚዞረው በእሷ ነውና። ፋብሪካው የቆመው የአባቷ ማሳ የነበረ መሬት ላይ ነው። ስለዚህ "እኔ የተቀጠርኩ ሳልሆን እቤቴ የቀረሁ ነኝ" ትል ነበር። ሥራዋን ትወዳለች፤ አባቷ ከሞቱ ወዲህ እናቷንና ታናናሾቿን የምታበላው እሷ ነበረች። የጥጥ ማበጠሪያው ማሽን ጥርስ ውስጥ ብናኝ ሲጠቀጠቅ ማሽኑ ሳይቆም በእጅ ይጠረጋል። ትእዛዙ እንዲያ ነው፤ ማሽን ያቆመ ይቀጣል። አንድ ቀን እጇን በላት። ቀኝ እጇ ላይ አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ ብቻ ቀሩ።

ቁስሉ ሲጠግግላት እጇን በሻሽ ጠቅልላ ወደ ሥራ መጣች። ዘበኛው አንገቱን ደፍቶ "ብርቄ፣ አታስገባት ተብያለሁ" አላት። እጅ የሌለው ሰው ለፋብሪካ አይሆንም ተብሏል። እኔ አብሬያት እሾላው ሥር ሄድኩ።

"ካሳ አልጠየቅኩም" አለችው በላቸውን። "ክር የሚጠመጠምበትን ባዶ ቀሰም መልቀም በሁለት ጣት ይቻላል። እዚያ አድርጉኝ። ሥራዬን መልሱልኝ፣ ሌላ ነገር አልፈልግም።"

በላቸው ከረባቱን ነካ። "ጥያቄሽ ትክክል ነው…" ብሎ ሲጀምር፣

"ይተውት፣ ቀሪውን አውቀዋለሁ" ብላው ተነሥታ ወጣች።

በማግሥቱ የእሷ ክፍል ሴቶች ማሽኑን አቆሙት። ማን እንደጀመረው እስከ ዛሬ አይታወቅም። ቀጥሎ ፈተላው ቆመ፣ ከዚያ ሽመናው። ፋብሪካ ውስጥ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም ነበርና ጆሮዬ ታመመ። ሁላችንም ወጥተን ግቢው መሬት ላይ ተቀመጥን፤ ብርቄም ከአጥር ውጭ፣ ሸምሱ የሚባለው የስልጤ ባለሱቅ በረንዳ ላይ ተቀመጠች። ብርቄ ካልገባች አንሠራም፣ በቃ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ሊቀመንበራችን ግን ከተማ ግብዣ ላይ ነበር። ከሰዓት በኋላ እያላበው ደረሰ። እኛን ቀና ብሎ ሳያይ በቀጥታ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባ። ሥራ አስኪያጁ ፈረንጅ ነው፤ እንደ ዘመኑ ሁላችንም ሙሴ እንለዋለን፣ በፈረንሳይኛ ጌታዬ እንደማለት ነው። አስተርጓሚው በኋላ እንደነገረን፣ ሙሴ ያለው አንድ ነገር ነው፦ መጀመሪያ ወደ ሥራ ይመለሱ፣ ከዚያ እንነጋገራለን። በላቸው ወጥቶ የጥጥ እስሩ ላይ ሲቆም ግን የነገረን ሌላ ነው።

"ወገኖቼ፣ ሙሴ ተቀይመዋል" አለ። "የተቀየመ ሰው እንዴት እንደሚታረቅ ደግሞ አባቶቻችን አስተምረውናል። ነገ ጠዋት ድንጋይ ተሸክመን ይቅርታ እንጠይቃቸው።"

በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ተበዳዩ ፊት ይቆማል። ተበዳዩ "ይቅር ለእግዜር፣ አውርድ" እስኪለው ድረስ አያወርድም። ደም የተቃቡ ሰዎች እንኳን በዚህ ታርቀዋል። ወጉን የማያውቅ ከመሀላችን አልነበረም። ግን ብርቄ በአጥሩ ቀዳዳ ጮኸች።

"ጣት ያጣሁት እኔ! በዳይዋም እኔ?"

"ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ!" አላት በላቸው።

"ሙሴ ደግሞ መቼ ነው የነገሠው?"

ሰው ሳቀ። ሳቁ ግን አጭር ነበር። ርቦናል፣ ፈርተናል፣ በር ላይ ደግሞ እኛን ለመተካት የተዘጋጀ ስንት ሥራ ፈላጊ አለ። ያ ሁሉ ሰው በላቸው ደጅ እንደሚውልም እናውቃለን። በላቸው ወደ አጥሩ ተጠግቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ብርቄ፣ ይቅር ባሉሽ ሰዓት ሥራሽን ታገኛለሽ፤ እኔ ልሙት" አላት። በጆሮዬ የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ። ብርቄ የተስማማችው በዚህ ነው።

"አቶ በላቸው፣ ሙሴ ወጉን ያውቁታል ወይ?" አልኩት። "ለአስተርጓሚው እንኳን አስቀድመው ይንገሩት።"

"አስቀድሞ ከተነገራቸውማ ልባቸው አይነካም" አለኝ። "ሰው አይደሉም እንዴ? ድንጋይ የተሸከመ አይቶ የማይራራ ሰው ማነው?"

በነጋታው አቃቂ ወንዝ ዳር ተሰበሰብን። በላቸው ድንጋዩን ራሱ ነበር የሚያድለው፤ በዚያ ሥራ ላይ እንኳን ሊቀመንበር ነበር። ለብርቄ ትልቁን መረጠላት፣ "ነገሩ በአንቺ የመጣ ነውና" ብሎ። ጫንቃዋ ላይ ያወጣንላት እኔና ሌላ ሴት ሆነን ነው፤ በቁስለኛ እጇ ደግፋ ያዘችው። ለራሱ ደግሞ ጎንበስ ብሎ ፈልጎ ፈልጎ አንዲት እንቁላል የምታክል አገኘ። ኮቱን እንዳታቆሽሽ በነጭ መሃረብ ጠቀለላትና ትከሻው ላይ በሁለት ጣቱ ያዛት። ሰው ሁሉ አየ። ብርቄ ብቻ "ቀስ ይበሉ፣ ወገብዎን እንዳይሰብርዎት" አለችው።

ሐዲዱን ተሻግረን ወደ ፋብሪካው ሄድን። ሸምሱ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ሲያየን ወዲያው ገባው፤ ቆቡን አወለቀ። ዘበኛውም ገባው፤ አማተበና በሩን ወለል አድርጎ ከፈተልን። ወጉን የማያውቅ ሰው ግቢው ውስጥ አንድ ብቻ ነበር፤ ይቅር እንዲለን የምንፈልገውም እሱኑ ነበር።

እስቲ በሙሴ ቦታ ሆናችሁ ተመልከቱ። ትናንት ሥራ ያቆመ ሠራተኛ ዛሬ በጠዋት ሰልፍ ሠርቶ፣ እያንዳንዱ ድንጋይ ይዞ፣ ዝም ብሎ ወደ ቢሯችሁ ይመጣል። ሙሴ መስኮቱን ዘጋ። በላቸው ከፊት ሆኖ በዚያ ወፍራም ድምፁ "ሙሴ! ይኸው ሁላችንም ድንጋያችንን ይዘን መጥተናል!" ብሎ ጮኸ። አስተርጓሚው ውስጥ ሆኖ ሳይጨምር ሳይቀንስ ተረጎመለት። ሁለተኛው መስኮትም ተዘጋ።

እኛ ጎንበስ ብለን ጠበቅን። የመጣልን ፈጥኖ ደራሽ ነው። ሦስት መኪና ሙሉ ቆመጥ የያዘ ፖሊስ ከበበን። "ድንጋይ ጣል!" ሲባል በየቦታው ዱብ ዱብ አለ። እኔም ጣልኩ። በላቸውን በዓይኔ ፈለግኩት፤ ትከሻው ባዶ ነው። መሃረቡ ከነድንጋዩ ኮቱ ኪስ ውስጥ ገብቶ ጫፉ ብቻ ብቅ ብሏል። እሱም ከፖሊሶቹ ጎን ቆሞ "ተረጋጉ ወገኖቼ፣ ተረጋጉ" ይላል።

ብርቄ አልጣለችም።

የፖሊሶቹ አዛዥ፣ ፀጉሩ ሽበት የጣለ ሰው፣ ወደ እሷ መጣ። "አውርጂ!" አላት።

"እርስዎ ነዎት እንዴ የተበደሉት?" አለችው።

"ምን?"

"የተበደለው ነው አውርጂ የሚለኝ። እሱ ይበለኝ።" በተጠቀለለው እጇ የተዘጋውን መስኮት አሳየችው።

ሰውየው ያን ጊዜ ገባው። ፊቱ ሲለወጥ አይቻለሁ። ቆመጡን ብብቱ ሥር አድርጎ ወደ ቢሮው ገባ፤ ብዙ ቆየ። ፀሐይዋ ጠንክራለች፣ ድንጋዩ ብርቄን ወደ ጎን ያዘነብላታል፤ ልንደግፋት ስንጠጋ ፖሊሶቹ ከለከሉን። አዛዡ ሲወጣ ዓይኗን ማየት አቃተው። "እህቴ፣ አስረዳሁት፤ አልተቀበለኝም" አላት። "ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድንጋይ ምን ያደርግለታል ነው የሚለው።" ከዚያ ለሁለት ፖሊሶች ምልክት ሰጣቸውና ድንጋዩን ከጫንቃዋ አወረዱት። ይቅር ያላት ግን አልነበረም።

ብርቄና ማሽን አቆማችሁ የተባሉት ሴቶች ፖሊስ ጣቢያ ተወሰዱ፤ ከእስር ሲወጡ ሁሉም ተባረሩ። ሊቀመንበሩስ? ሁከት ለማብረድ የተቻላቸውን አድርገዋል ተብሎ ሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ውስጥ የሚሽከረከር ወንበር ተሰጣቸው። ሊቀመንበርነቱንም አልተዉም። ከዚያ ወዲያ ሰው የሚቀጠረው በበላቸው እርሳስ ሆነ። ካፖው በዱላ ነበር የሚመርጠን፤ ዱላ ቢያንስ ከሩቅ ይታያል።

ይህ ነው እንግዲህ የድንጋዩ ታሪክ። ቀሪው የበላቸው ድርሰት ነው። አብዮቱ ሲፈነዳ ከረባቱን አውልቆ መድረክ ላይ ወጣ፤ ግራ እጁን አነሣ። "በጨለማው ዘመን ሠራተኛውን ድንጋይ አስጨብጬ የበዝባዦችን መስኮት ያዘጋሁ እኔ ነኝ" አለ። መስኮቱስ እውነት ተዘግቷል። ከመናገሩ በፊት እጁ ወደ አንገቱ ሄዶ ቋጠሮውን ቢፈልግ አጣው፤ የሸሚዙን ቁልፍ ነክቶ ተመለሰ። እኔ ከሕዝቡ መሀል ሆኜ ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩ። ያ መንግሥት ሄዶ ሌላው ሲመጣ ከረባቱ ተመለሰ፤ በላቸውም የነፃ ማኅበራት ፋና ወጊ ሆኖ ተሸለመ። በየመንግሥቱ ድንጋዩ ያድግ ነበር። በመጨረሻ ሲያወራው የሰማሁት ጊዜ ቋጥኝ አድርሶት ነበር።

ብርቄ ባቡር ጣቢያው ላይ ቆሎ ሸጣ ታናናሾቿን አሳደገች፣ ኋላም የራሷን ልጅ። ባቡሩ ሲቀር ታክሲ መያዣው ላይ ሸጠች። አሁን ገላን ኮንዶሚኒየም ከልጇ ጋር ትኖራለች። የበላቸውን ሞት ልነግራት ስደውልላት "እንግዲህ ለሱም ጊዜው ትክክል ሆነ" አለችኝ። ከዚያ "ቀብር እሄዳለሁ" አለች። "ምን ልታደርጊ?" ብላት "የድሮ ጎረቤት አይደል?" አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሙሉ ነበር። አበባ፣ ካሜራ፣ የማኅበራት ተወካዮች። የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ ቋጥኙ ጋ ሲደርስ ብርቄ በክርኗ ጎሸመችኝ። ቄሱ እንደ ወጉ ወደ ሕዝቡ ዞረው "በሕይወቱ የበደላችሁ ቢኖር ይቅር በሉት" አሉ። ሰው ሁሉ "እግዚአብሔር ይቅር ይበለው" አለ። እኔም ከንፈሬ ከሰው ጋር ተንቀሳቀሰ፣ ልቤ ግን የለበትም። ብርቄ አፏን ዘግታ ቀጥ ብላ ቆመች።

ይህንን የበላቸው ልጅ አየ። ልጅ ስል ሽማግሌ ሊሆን የደረሰ፣ ጥቁር ሱፍ የለበሰ ሰው ነው። አፈሩ ተመልሶ፣ መቃብሩ ዙሪያ የሚደረደረው ድንጋይ ሲቀርብ ወደ እኛ መጣ።

"እማማ፣ ሁሉም ይቅር ሲል እርስዎ ዝም አሉ" አላት። "አባቴ በድሎዎት ነበር?"

ብርቄ ቀኝ እጇን ከነጠላዋ አውጥታ አሳየችው። "ይሄን እሱ አይደለም የቆረጠው፤ አልዋሽም" አለች። "ያ ሲነበብ የሰማኸው ድንጋይ ግን ለይቅርታ የተሸከምነው ነው። ትልቁን እኔ ነበርኩ የተሸከምኩት። ይቅር ሲሉሽ ሥራሽን ታገኛለሽ ብሎኝ። ይቅር ያለኝ የለም፤ ሥራዬንም አላገኘሁ። አባትህ የያዘውን ኪሱ ከተተው።"

ሰውየው እጇን አየ፣ መቃብሩን አየ። ያን ታሪክ ሲሰማ ያደገ ልጅ ነው፤ ምናልባት ለልጆቹም ነግሯቸዋል። ከዚያ ወደ ድንጋዩ ክምር ሄዶ ጎንበስ አለ። የትኛውን እንደሚያነሣ ዓይኔን ሳልነቅል ተመለከትኩ፤ የበላቸው ልጅ ነውና። ትንንሾቹ ላይ ነበሩ። እነሱን ገፋ ገፋ አድርጎ ከሥር አንድ ትልቅ አወጣ፣ እያቃሰተ ጫንቃው ላይ አደረገው፤ ብርቄ ፊት መጥቶ አንገቱን ደፋ። ካሜራ የያዙት ሰዎች የሆነ የቀብር ሥርዓት መስሏቸው ዞር አሉ።

ብርቄ ትንሽ አቆየችው። እኔ ብሆን እስኪመሽ አቆየው ነበር።

"ይቅር ለእግዜር" አለች በመጨረሻ። "አውርድ ልጄ። ያንተ አልነበረም።"

አወረደ። ሱፉ ትከሻ ላይ አፈር ቀረ፤ አላራገፈውም። እጇን ስሞ ወደ እንግዶቹ ተመለሰ።

ወደ ታክሲው ስንሄድ ብርቄ ክንዴን ይዛ ነበር። ሐዲዱ የነበረበት ጋ ስንደርስ ቆመች።

"ያነሣው ከባድ ነበር?" አለችኝ።

"ከባድ ነበር።"

"የኔን ያክላል?"

"ያንቺን? ኧረ አጠገቡም አይደርስ!"

"አዎ፣ አይደርስም" አለችና መንገዷን ቀጠለች።